ነርሷ ሥራ አጥታ፣ ታካሚው ነርስ አጥቶ፦ የነርሲንግ ሙያ በድሬዳዋና በሐረር

ከግንቦት 2017ቱ የጤና ባለሙያዎች የሥራ ማቆም አድማ ወዲህ ስለ ነርሶች በአደባባይም በየቤቱም ብዙ ተብሏል። አንዱ «ደመወዛቸው አያኖርም» ይላል፤ ሌላው «የታመመ ሰው ጥሎ መውጣት ምን የሚሉት ሙያ ነው?» ብሎ ይቆጣል። በድሬዳዋና በሐረር ክርክሩን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። ሆስፒታል ሰው ያስተኛ ቤተሰብ ሌሊቱን ነርስ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር ሲል እንዳደረ ይናገራል። በዚያው ሰፈር ደግሞ በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቃ፣ የሙያ ፈቃድ ይዛ፣ የቅጥር ማስታወቂያ ስትጠብቅ ዓመት ያለፋት ልጅ አለች። ታዲያ ነርስ ተትረፍርፏል ወይስ ጠፍቷል? ይህ ጥያቄ ሳይፈታ ስለ ደመወዝም ሆነ ስለ ሥነ ምግባር የሚደረገው ክርክር ከስሜት አያልፍም።

እጥረቱ የሚለካው በምንድን ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት በግንቦት 2017 ይፋ ያደረገው ሪፖርት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ ይገምታል። ካሉት ነርሶች 78 በመቶ የሚሆኑት የሚሠሩት የዓለም ሕዝብ 49 በመቶ ብቻ በሚኖርባቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ዘላቂ የልማት ግቦችን ለማሳካት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል የሚል መለኪያ አለው። ኢትዮጵያ ከዚህ በብዙ ታንሳለች፤ የባለሙያ እጥረታቸው ብርቱ ነው ተብለው በ2015 ከተመዘገቡት 55 አገሮችም አንዷ ናት።

ይህ መለኪያ የሚናገረው ሕዝቡ ስንት ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ነው። ሆስፒታል ግን የሚቀጥረው በተፈቀደለት የሥራ መደብ ልክ ነው። የሥራ መደብ ማለት በመዋቅር ጥናት የጸደቀ፣ ደረጃና ደመወዝ የተቆረጠለት ቦታ ነው። መደቡ በወረቀት ላይ ቢኖርም በጀት ካልተያዘለት ማስታወቂያ አይወጣም። ነርሷ ሥራ ስትለቅም ቦታዋ ወዲያው አይሞላም፤ በጀቱ ለሌላ ጉዳይ ተዛውሮ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የዎርዱ፣ ማለትም የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል፣ ኃላፊ ነርስ ይህን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የጎደለባትን ሰው የምትሞላው ያሉትን ነርሶች ተረኝነት በማብዛት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም ወሬ እውነት ነው። ነርሶች አሉ፤ የሚቀጥራቸው ገንዘብ የለም። ላለፉት ሃያ ዓመታት መንግሥትም የግል ኮሌጆችም ነርስ በብዛት አሠልጥነዋል፤ የሥልጠናው ፍጥነትና የጤና በጀቱ አቅም ግን አልተገናኙም። የጥራት ጥያቄ የሚያነሱ ወገኖች «የተመረቀ ሁሉ ብቁ አይደለም፤ ችግሩ ከማስተማሩ ነው» ይላሉ። ክርክራቸው መሠረት አለው፤ የሙያ ፈቃድ ፈተናና የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና የመጡትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ፈተናውን አልፈው ፈቃዳቸውን ይዘው ቤት የተቀመጡትን ይህ መልስ አይመለከታቸውም።

የከተማ በጀት፣ የሐረርጌ ታካሚ

የሁለቱ ከተሞች ሁኔታ ከሌላው አገር የሚለይበት ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ሐረሪ ክልል 183,415፣ ድሬዳዋ 341,834 ነዋሪ ነበራቸው። ምሥራቅ ሐረርጌ ብቻውን ከ2.7 ሚሊዮን በላይ፣ ምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ዛሬ ሁሉም ጨምሯል። ከጋራ ሙለታ፣ ከቀርሳ፣ ከባቢሌ፣ ከፊቅ በኩል ሪፈር የተባለ ታካሚ መድረሻው ሐረር ወይም ድሬዳዋ ነው። ሪፈር ማለት አንድ ጤና ጣቢያ ወይም አነስተኛ ሆስፒታል ከአቅሙ በላይ የሆነበትን ታካሚ ወደ ተሻለ ተቋም መላኩ ነው።

ታካሚው የክልል ወሰን ተሻግሮ ይመጣል፤ በጀቱ ግን አብሮት አይሻገርም። ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች በድሬዳዋ አስተዳደር፣ ጀጎል ሆስፒታል በሐረሪ ክልል ሥር ናቸው፤ ሕይወት ፋና ደግሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ የሚተዳደረው ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ገንዘብ ነው። የከተማ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ በዓይኑ ፊት የሚኖረው የከተማው ነዋሪ ነው፤ የዎርዱን አልጋ የሚሞላው ግን የአካባቢው ሁሉ ሰው ነው። ሁለት ከተሞች ለአንድ ሰፊ አገር የማስታመሙን ሸክም ተሸክመዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለነርሷ ይህ የቋንቋም ጉዳይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚናገሩ ታካሚዎች ጎን ለጎን ይተኛሉ። ብዙ የሐረርና የድሬ ነርሶች ሁለት ሦስቱን ይናገራሉ፤ ይህ የአካባቢው በረከት ነው። ሐኪሙ ሕመሙን ሲጠይቅ የምታስተረጉመው፣ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲፈረም ምን እንደሚቆረጥና ለምን እንደሚቆረጥ ለእናትየው የምታስረዳው እሷ ናት። በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ላይ ግን አስተርጓሚነት አልተጻፈላትም፤ የሚወስደውን ሰዓትም የሚቆጥርላት የለም።

አንድ ሌሊት በደቂቃ ሲሰላ

የሥራ ጫና ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ድካም ነው። ጫናው ግን በሂሳብ ይታያል። ሠላሳ ታካሚ የተኛበት አንድ የውስጥ ደዌ ዎርድ ለሌሊቱ ሁለት ነርስ ተመድቦለታል እንበል፤ ተረኝነቱም 12 ሰዓት ነው። ሁለቱ ነርሶች በድምሩ ያላቸው 1,440 ደቂቃ ነው። ለሠላሳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ታካሚ ለሌሊቱ ሙሉ 48 ደቂቃ ይደርሰዋል።

አሁን ሥራውን እንቀንስ። ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ መለካት፣ በየአራት ሰዓቱ ይደረግ ቢባልና አንዱ ዙር አምስት ደቂቃ ቢፈጅ 15 ደቂቃ ይሄዳል። መድኃኒት መስጠት አለ፤ ዱቄቱን መበጥበጥ፣ መጠኑን ማረጋገጥ፣ ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ መዘጋቱን ማየት፣ ከተዘጋ ሌላ ደም ሥር ፈልጎ መክፈት። ለዚህ ሁሉ 20 ደቂቃ እንስጠው። የቀረው 13 ነው። በዚያ ሌሊት አንድ ታካሚ ቢከብድና ሁለቱም ነርሶች አንድ ሰዓት አብረውት ቢቆሙ ከእያንዳንዱ ሌላ ታካሚ ድርሻ አራት ደቂቃ ያህል ይቀነሳል። በተረፈው ዘጠኝ ደቂቃ ቻርት መጻፍ፣ አዲስ የገባ ታካሚ መቀበል፣ መነሣት የማይችለውን ማገላበጥ፣ ከነጋ ለሚረከቡት ማስረከብ ይጠበቃል። ምግብና ዕረፍት እዚህ ውስጥ አልተቆጠሩም። ይህ ደግሞ ሁለቱም ነርሶች በቦታቸው ሲገኙ ነው።

ጊዜው ካልበቃ የሚቀረው ምንድን ነው? መርፌው አይቀርም፤ ቢቀር ወዲያው ይታያልና። የሚቀረው የማይታየው ነው፦ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ ማገላበጥ፣ ያበጠውን እግር ሁለተኛ ማየት፣ ዝም ያለውን ታካሚ ለምን ዝም እንዳለ መጠየቅ። በ2014 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተደረገ ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ታካሚ ሲጨመር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። አውሮፓና ሐረርጌ አንድ አይደሉም፤ የጥናቱ ዓይነትም መንስኤን ለብቻው አያረጋግጥም። ሆኖም አንድ ነርስ ለስንት ታካሚ ትመደብ የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚነካ እንጂ የባለሙያ ምቾት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በቂ ማስረጃ ነው።

በእኛ ሆስፒታሎች ይህን ክፍተት የሚሸፍነው አስታማሚው ነው። ታካሚውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ ሮጦ የሚጠራው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሄደው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋውን ጓንትና መርፌ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ የሚመጣው ልጅ፣ እናት ወይም ወንድም ነው። ማስታመም የባህላችን ትልቅ ክብር ነው፤ ሰው ለብቻው አይታመምም። ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ሥርዓቱ በአስታማሚው ጉልበት ላይ ተደግፎ መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። ከሩቅ ወረዳ ብቻውን የመጣ፣ ወይም አስታማሚው ለቤት ወጪ ተመልሶ የሄደበት ታካሚ የነርስ እጥረት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። የአንድ ገበሬ ልጅ የአዝመራ ጊዜውን በሆስፒታል ወለል ላይ ሲያሳልፍ የሚከፍለው ዋጋም በማንም በጀት ላይ አልተጻፈም።

ደመወዙ እጅ ላይ ሲደርስ

መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ አሻሽሏል። ለዲግሪ ምሩቅ የተቀመጠው መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ትንሽ አይደለም፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን በሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ደግሞ 805 ብር ነው። እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ይሆናል። ከዚህ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፈላል። ሌሊት ወደ ሥራ ለመግባትም ሆነ ለመውጣት የባጃጅ ሂሳብ አለ፤ ከመሸ በኋላ የኮንትራት ዋጋ ነው።

ጭማሪው የመጣውም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። ይህ ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። የዘይቱም የጓንቱም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ነርሷ በሁለት በኩል ተመታች፤ በቤቷ ኑሮ ተወደደባት፣ በሥራዋ ደግሞ ዕቃ አጠራት።

ብዙ ነርስ የወር ወጪዋን የምትደጉመው በዱቲ ክፍያ ነው፤ ይህም ለትርፍ ሰዓትና ለሌሊት ተረኝነት የሚከፈል ገንዘብ ነው። በአገሪቱ በልዩ ልዩ አካባቢዎች ባለሙያዎች ደጋግመው ያቀረቡት ቅሬታ የዱቲ ክፍያ ለወራት መዘግየቱ ነው። ለበሽታ ተጋላጭነት የሚሰጠው የሪስክ አበል ማነስና የባለሙያው የራሱ ሕክምና ነጻ አለመሆን ደግሞ ሌሎቹ ጥያቄዎች ናቸው። ሰው የሠራበት ገንዘብ ሳይከፈለው ሲቀር ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው መናቁ ነው። ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጀመሪያ መመለስ ያለበት የውዝፍ ክፍያው ይመስለኛል፤ አዲስ ሕግም አዲስ ጥናትም አይጠይቅም።

በመንግሥት በኩል ያለው መከራከሪያም መሰማት አለበት። ለጤና ባለሙያ ብቻ ተለይቶ ቢጨመር መምህሩም፣ የግብርና ባለሙያውም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ወጥ የሆነው የደመወዝ ስኬል ይናጋል። የሚጨመረው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣም ግልጽ መልስ ያስፈልገዋል። ችግሩ ይህ መከራከሪያ የሚሰማበትና የሚመዘንበት ጠረጴዛ አለመኖሩ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸው፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት እንደሚኖራቸው ይገልጽና እነማን እንደሆኑ በሕግ እንዲወሰን ይተወዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ ለሚመለከታቸውም ቢሆን ሆስፒታሎችን ሥራ ከማይቆምባቸው እጅግ አስፈላጊ አገልግሎቶች ውስጥ ያስገባል። በግንቦት 2017 መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ ሲል፣ በርካታ ባለሙያዎችም ሲታሰሩ፣ በመሐል ያለው ባዶ ቦታ ግልጽ ሆነ። በብዙ አገሮች ድንገተኛ ክፍልና ማዋለጃ ሳይዘጉ እንዴት ተቃውሞ እንደሚካሄድ የሚወስን ስምምነት አለ። ያለዚያ የባለሙያው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ታካሚ ጥሎ መውጣት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱም ለታካሚው ክፉ ናቸው።

በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ወረርሽኝ

ድሬዳዋ ባለፉት ዓመታት ትንኝ በምታስተላልፋቸው በሽታዎች ተደጋግማ ተመትታለች። በ2006 መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ክረምት ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያሳመመው ቺኩንጉንያ ገባ። በ2014 የታየው የወባ ወረርሽኝ የተነሣው በደረቁ ወቅት ነበር፤ ምክንያቱም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ መጤ የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ መራባቷ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል የሌለው ግቢ የለም።

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር የታካሚው ብዛት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጨምራል፤ የነርሱ መደብ ግን ያው ነው። ነርሶቹም በዚያው ከተማ ይኖራሉና ይታመማሉ፤ የታመመችዋን ፈረቃ የሚሸፍነው ትናንት ሌሊት ያደረው ነው። በሌላ አባባል የድሬዳዋ ሆስፒታል በተለመደው ቀን ልክ የተቆረጠ የሰው ኃይል ይዞ ያልተለመደውን ቀን ደጋግሞ ይጋፈጣል። ለወረርሽኝ ወቅት በኮንትራት የሚጠራ የተመዘገበ የነርስ ተጠባባቂ ቢኖር፣ ቤት የተቀመጡት ምሩቃንም ሥራ ባገኙ፣ ዎርዱም ባልተራቆተ ነበር።

«ነርሶች ይቆጣሉ»

ከታካሚ ቤተሰብ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው፤ ከደመወዝ ወሬ ጋር አዳፍኖ ማለፍም አይገባም። ቤተሰብ ፊት መጮህ፣ ምጥ ላይ ያለችን ሴት መስደብ፣ የገጠር ሰው መሆኑን አይቶ ማንቋሸሽ በምንም ጫና አይሰረዝም። ጤና ሚኒስቴር ራሱ ከ2008 ጀምሮ በነበረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተንከባካቢ፣ አክባሪና ሩኅሩኅ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ያደረገው ችግሩን አምኖ ነው።

በዚያው ልክ በርንአውት የሚባለውን ነገር መረዳት ያሻል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ለረጅም ጊዜ ካልተፈታ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ዝለት ነው፤ ምልክቶቹ አቅም ማጣት፣ ከሥራው በልብ መራቅ እና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። «በልብ መራቅ» የሚለው ነው ለታካሚው እንደ ክፋት የሚታየው። ደግሞም መድኃኒት የለም፣ አልጋ የለም፣ ኤክስሬዩ ተበላሽቷል የሚለውን መርዶ የምትናገረው ነርሷ ናት። የበጀቱን ውሳኔ የወሰነው ሰው ዎርድ ውስጥ የለም፤ ቁጣው የሚያርፈው ፊት ለፊት ባለችው ላይ ነው። ስድብና ዛቻ፣ አልፎ አልፎም ድብደባ፣ የሌሊት ተረኞች የሚኖሩበት እውነታ ሆኗል። ሥልጠና መስጠት ጥሩ ነው፤ ለሠላሳ ታካሚ ሁለት ሰው መድቦ ስለ ርኅራኄ ማሠልጠን ግን ብዙ ርቀት አይወስድም።

ቀጣዩ ምንድን ነው?

ልምድ ያላት ነርስ አልጋውን ትታ ወደ ቢሮ ሥራ፣ ወደ ግል ክሊኒክ፣ ወደ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ትሄዳለች። ቀድሞ ረድኤት ድርጅቶችም ይወስዱ ነበር፤ ይህ በር ግን ጠቧል። የአሜሪካ ዕርዳታ በጥር 2017 ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል። ሌላው መንገድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው፤ ወጣቶቹ ፕሮሜትሪክ ለሚባለው የኮምፒዩተር ፈተና በቡድን ሲያጠኑ ማየት የተለመደ ሆኗል። ድሬዳዋና ሐረር ከዓረብ አገር ጋር የቆየ የንግድና የዝምድና መስመር ስላላቸው መንገዱ እዚህ ለሚኖር ወጣት እንግዳ አይደለም።

ስለ ስደቱ ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ «ሥራ ከሌላቸው ሄደው ይሥሩ፤ ቤተሰብም አገርም ይጠቀማል» የሚል ነው። ሌላው አገሪቱ ያስተማረቻቸውን ለሀብታም አገር አሳልፋ እየሰጠች ነው ይላል። እኔ እንደማየው ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ የውጭ ቀጣሪ በአብዛኛው የሚፈልገው የሥራ ልምድ ያላትን ነርስ ነው። ሥራ አጧ ምሩቅ ትቀራለች፤ የምትሄደው ዎርዱን ይዛ የነበረችው ናት። ቦታዋ ሲለቀቅ ደግሞ በጀት ከሌለ ጀማሪዋ አትገባበትም። ብትገባም አጠገቧ ሆና ካኑላ አያያዝ የምታሳያት፣ የታካሚ ፊት ሲለወጥ የምትጠቁማት ነባር ነርስ አታገኝም። ከሦስት ዓመት በላይ ቤት የተቀመጠች ምሩቅ እጇ ምን ያህል እንደሚረሳ መገመት አያዳግትም።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር የድሬዳዋና የሐረሪ ምክር ቤቶች የጤና በጀት ያጸድቃሉ። ሰነዱን ማየት የሚችል ጋዜጠኛም ሆነ የምክር ቤት አባል ሦስት ቁጥር ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጣል፦ በየሆስፒታሉ የጸደቀው የነርስ መደብ ስንት ነው፣ ከዚያ ውስጥ በጀት የተያዘለት ስንቱ ነው፣ አልጋ ይዘው ከታከሙት መካከል ከአጎራባች ክልል የመጡት ስንት በመቶ ናቸው። ሦስተኛው ቁጥር በየታካሚው ካርድ ላይ በተጻፈው አድራሻ ውስጥ አለ። ተደምሮ ከቀረበ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልል፣ ከፌዴራል መንግሥትም ጋር ወጪ ለመጋራት የሚደረግ ድርድር የሚነሣው ከእሱ ነው።